ወደ ግላሮስ እንዲመድቡኝ

ካሊምኖስ፣ ጥቅምት ሃያ ሰባት ቀን

ለማልረሳህ ታላቅ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እንዴት ነህ? ጀርባህስ እንዴት ነው? ከጋሽ ስኬቮስ ጀልባ ላይ የወደቅህ ጊዜ የተጎዳው ጀርባህ በዳርዊን ከተማ ሙቀት ሳይሻለው አይቀርም ብዬ አስባለሁ። እኛ አለን። እማዬ ሰላም ብላሃለች። ጎረቤታችን እትዬ ቴሜሊናም ለማን እንደምጽፍ በአጥሩ ላይ ጠይቃኝ ስነግራት ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ከሰላምታው ጋር የላከችውን ስድብ ግን ወረቀት ላይ ማስፈር ስለሚያሳፍር ትቼዋለሁ።

አንተ ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል። መንገድ ላይ ብንገናኝ የምንተዋወቅ አይመስለኝም። ድምፄ የአባባን ድምፅ ሆኗል ይላሉ። ወደቡ አጠገብ ባለው መጋዘን ከባሕር የሚወጣውን ስፖንጅ እየከረከምኩ ነው የምውለው፤ ቤት ስገባ እጄ ባሕር ባሕር ይሸታል። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም፤ ከምንሸጠው ግማሹ የሚመጣው ከሌላ ባሕር ነው፤ እንግዳው ግን የካሊምኖስ ነው ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ብዙ የምነግርህ አለኝ። ከየት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ከወረቀቱ ልጀምር።

የውትድርና ጥሪው የደረሰኝ በሐምሌ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ለአሥራ ስምንት ወር እንድገባ ያዛል። ለአንተም የመጣልህ ይኸው ዓይነት ወረቀት እንደነበረ፣ በሳምንቱም የቀትሯን መርከብ ይዘህ እንደሄድክ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ከመርከቡ ላይ ብርቱካን ወርውረህልኝ ሳልይዘው ውሃ ውስጥ ገባ። እኔ ግን መሄድ አላሰብኩም። የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግላሮስ ላይ እንዲመድቡኝ።

ግላሮስን መቼም አትረሳትም። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለችው ያቺ ራቁቷን የቀረች ደሴት ናት። የነሐሴ ሙቀት ሲበረታ ከውሃው ትነጠልና አየር ላይ ትንሳፈፋለች፤ ከሥሯ ብርሃን ያልፋል። ልጅ ሳለሁ መልሕቅ የሌላት ይመስለኝና አንድ ቀን ስነሳ ባጣትስ እያልኩ እሰጋ ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ወታደሮች ያሉበት የጥበቃ ጣቢያ አላት። ባንዲራ አለ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ የቀረው ፍየል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ስኬቮስ በጀልባው ውሃና ዳቦ ያደርስላቸዋል፤ ሲመለስ ፈቃድ የወጣላቸውን ይዞ ይመጣል። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። እዚያ ብመደብ በየሁለት ሳምንቱ እቤቴ እገባለሁ፤ ባልመጣ እንኳ እማዬ እንዴት እንዳደረች የሚነግረኝ ሰው አላጣም።

ቡና ቤት ውስጥ ይህን ስናገር ሳቁብኝ። ሽማግሌው ሚኬስ የያዘውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ «ስማ፣ የሰው ልጅ አቴንስ ለመመደብ ደጅ ይጠናል፤ አንተ ደግሞ ከፍየል ጋር ሰልፍ መቆም አማረህ?» አለኝ። አንዱ ከጥግ ሆኖ «ፍየሎቹ እኮ ማዕረግ አላቸው፤ ሰላምታ መስጠት እንዳትረሳ» አለ። ጋሽ ስኬቮስ ብቻ አልሳቀም። የክርስትና አባቴ ስለሆነ የቤታችንን ነገር ያውቃል።

የቤታችን ነገር የእማዬ ዓይን ነው። አንተ በሄድክ በአራተኛው ዓመት መድከም ጀመረ፤ ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። ግን አትዘንላት፤ አትወድም። ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች። ሰዓቱን በመርከቦቹ ጡሩምባ ትለያለች። ዓሣ ሻጩ ሚዛን ሊያጎድልባት ሲሞክር ድምፁን ሰምታ «እጅህን አንሳ» ትለዋለች። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ባሕሩ ስታዞር ለማያውቃት ሰው አንድ ነገር አተኩራ የምታይ ነው የምትመስለው። እኔም አንዳንድ ጊዜ ምን ታያለች ብዬ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ።

በግንቦት ኮስ ደሴት ወዳለው ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ስለ ዓይኗ ከጻፈው ወረቀት በተጨማሪ፣ ለብቻዬ ጠርቶ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ኋላ የምድብ አቤቱታዬን ስጽፍ ያንን ወረቀት አብሬ እንዳላያይዝ በእመቤታችን ስም አስማለችኝ። «ዓይኔን ይወቁት፤ ሌላው የራሴ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋን ለእትዬ ቴሜሊና ሰጥታለች፤ ዶሮዎቹንም ለጎረቤት አከፋፍላለች። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የእመቤታችን በዓል እንዳለፈ ሮድስ ወዳለው የምልመላ ቢሮ ሄድኩ። መርከቡ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ነፍሱን ይማረውና አባባን በሕልሜ አየሁት። ከባሕሩ ሥር ቆሞ በእጁ ወደ ላይ ያመለክተኛል፤ እኔ ደግሞ ውሃ ውስጥ እንደሆንኩ ሳላውቅ እተነፍሳለሁ፤ ምንም አልጨነቀኝም። ስነቃ ሮድስ ደርሰናል።

ተራዬ ሲደርስ ሻምበል ባሻ ፓንዴሊስ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው አቤቱታዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ግላሮስ?» አሉኝ። አዎ ጌታዬ አልኳቸው። «በሃያ ዓመት ሥራዬ ከዚያ አውጡኝ የሚል እንጂ አስገቡኝ የሚል አላየሁም። ሴት አለች እንዴ?» አሉ። «ፍየል ብቻ ነው ያለው ጌታዬ» ስላቸው ሳቁና ወንበር ሰጡኝ።

ከዚያ ደንቡን አስረዱኝ። እቤቱ አጠገብ የሚመደበው ባሏ የሞተባትና ማየት የተሳናት እናት ያለችው፣ እሷም ሌላ ጧሪ ልጅ የሌላት ከሆነ ነው። መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አሳረፉ፤ ያንተ ስም ላይ። ወንድም አለህ አሉኝ። ውጭ አገር ነው አልኩ። «ኮብልሏል ይላል እንጂ ሞቷል አይልም። ለሕጉ ደግሞ የኮበለለም ልጅ ልጅ ነው» አሉ። «አሥራ ስምንት ወር እኮ ነው ልጄ። እናት ትጠብቃለች» አሉኝ። የሐኪሙ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ግን ምዬአለሁ። ፊቴን ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ መንገድ ነገሩኝ። እናትህ ከታላቁ ልጇ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ምንም ወሬ እንዳልደረሳት በማዘጋጃ ቤት ፊት ምላ ከፈረመች እንደሌለ ይቆጠራል አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ይጽፋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

አንተ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍከው ከስድስት ዓመት በፊት ለቅዱስ ኒኮላ በዓል ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል ነበረች። በዚያው ሰሞን የእማዬ ዓይን ፊደል መለየት ስላቆመ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። የሚቀጥለው ፋሲካ ያላንተ ወሬ አለፈ። እሷ ምንም አልጠየቀችም፤ ፖስተኛው በደጃችን ሲያልፍ ብቻ የያዘችውን ሥራ ታቆማለች። አንድ ቀን ከወደብ የመርከቦች የጉዞ ሰሌዳ ይዤ ስገባ የወረቀቱን ድምፅ ሰምታ «ከእሱ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አጠገቧ ተቀምጬ የመርከቦቹን ሰሌዳ እያየሁ ያንተን ደብዳቤ አነበብኩላት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዓመት ሦስት ጊዜ ጻፍክ። መጀመሪያ ዕንቁ የሚያወጣ ጀልባ ላይ አስቀጠርኩህ፤ እማዬ ባሕሩን ስትፈራብህ ጊዜ ከዚያ አውጥቼ ብየዳ ቤት አስገባሁህ። ቤት ተከራየህ፤ በረንዳው ፊት የማንጎ ዛፍ አለ። አንድ ጆሮ የሌለው ውሻ አሳደግህ። አንድ ጊዜ ጉንፋን አስያዝኩህ፤ እማዬ እንቅልፍ ስላጣች በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ጽፌ አዳንኩህ። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ሲተኛ እኔም ጋደም እልና ያ ቤት ይመጣብኛል። ማንጎው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ እሰማለሁ። ውሻው ሲያዛጋ አየዋለሁ። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ከራሳችን ቤት ይልቅ ያንን ቤት ሳላውቀው አልቀርም። አንተ ግን ሁልጊዜ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ነው የምትቀመጠው። ፊትህን ስለረሳሁት ይመስለኛል።

ስለዚህ ለሻምበል ባሻው «አይጽፍም» አልኳቸው። ያቺን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ቅጹን ሰጡኝ።

ቅጹ ኪሴ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከረመ። የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እማዬ እንድትፈርምበት የስድስት ዓመቱን ነገር ልነግራት ነው። አንድ ቀን አትክልት ስትከትፍ ልነግራት ጀምሬ ስለ ጨው አወራሁ። ሌላ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጀምሬ ጫማዬን ማሰር ያዝኩ። ጋሽ ስኬቮስ ቅጹን ሲያይ «ይሄ ለእናትህ አይነበብም። በሰው እንሞክር» አለኝ። ሮድስ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አውቃለሁ ብሎ ለእጅ መንሻ የደረቀ ኦክቶፐስ ይዞ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ሰውየው ኦክቶፐሱን አመስግነው ተቀበሉ፤ ጉዳዩን ግን ረሱት። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሄድ ሲል በቃ አልኩት።

መጨረሻ ላይ አስቀያሚውን መንገድ መረጥኩ። ለእማዬ የጡረታ ጉዳይ ነው ብዬ ዋሸኋትና ማዘጋጃ ቤት ወሰድኳት። ወረቀቱን ላቀርብላት፣ የጣት አሻራዋን አስደርጌ ልመልሳት ነበር ሐሳቤ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ወጣት ግን እማዬ ጠረጴዛውን በእጇ ስትዳስስ አየቻትና «ለማያዩ ሰዎች ጮክ ብሎ ማንበብ ግዴታ ነው» አለች። አያስፈልግም አልኳት። ያስፈልጋል አለችና ማንበብ ጀመረች። «እኔ ኖሚኪ፣ የሟቹ ፖቲቶስ ባለቤት፣ ከታላቁ ልጄ ላለፉት ስድስት ዓመታት ደብዳቤም ሆነ የቃል ወሬ እንዳልደረሰኝ፣ በሕይወት ይኑር ይሙት እንደማላውቅ…»

ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። እሱን እያየሁ ቆምኩ። ልጅቷ አንብባ ጨረሰች። እማዬ «ትክክል ነው። ጣቴን የት ላድርግ?» አለች።

በወደቡ ዳር ስንመለስ ክንዴን ይዛ ነበር። ጀልባ ጠጋኞቹ ጋ ስንደርስ አረፍ እንበል አለች። የቅጥራኑ ሽታ አለ፤ ውሃው ጠፍጣፋ ነበር፤ ግላሮስ እንደ ልማዷ ተንሳፍፋለች። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው ብዬ ጠየቅኳት። ከመጀመሪያው አለችኝ። እንዴት አልኳት። «ወንድምህ በሕይወቱ ጉልበቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ያ ደብዳቤ ገና ሲጀምር ‹ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ› አለ። ይሄ ትንሹ ነው አልኩ።» ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። «ስታነብልኝ ድምፅህ ያምር ነበር። ወንድም ያለህ ትመስል ነበር። ምን ብዬ ነው የምቀማህ?» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ለእሷ ብዬ፣ እሷ ለእኔ ብላ። ዳቦና ወይን ፍሬ ገዝቼ መጣሁና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን በላን። ወይኑን እየለቀመች ስታበቃ «ውሻው ግን ደህና ነው?» አለች። ደህና ነው አልኳት።

ወረቀቱን ላክን። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ በደንብ አላውቅም። እጄ ስፖንጅ ይከረክማል፣ እኔ ግን ግላሮስ ነኝ። ከጥበቃ ማማው ላይ ሆኜ የቤታችንን መስኮት አያለሁ፤ እማዬም ፊቷን ወደ እኔ እንዳዞረች ናት። የፍየሎቹን ደወል ለየሁ። ቅዳሜ ከጀልባው ስወርድ የምትለውን ቃል ሳይቀር አውቀው ነበር። አሠሪዬ ሁለት ጊዜ «ልጁ የት ሄዷል?» እያለ ትከሻዬን ነካኝ።

መልሱ የመጣው ያለፈው ማክሰኞ ነው። እማዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ እኔም ይህን ጊዜ ያለ ጭማሪ፣ ቃል በቃል አነበብኩላት። የአመልካቹ የምድብ ጥያቄ ተመርምሮ፣ ታላቅ ወንድማቸው ባለፈው መጋቢት ወር ዳርዊን በሚገኘው ቆንስላ በአካል ቀርበው ኖሚኪ የተባለች ሴት ልጃቸውን ስላስመዘገቡ፣ በዚህም በሕይወት መኖራቸው ስለተረጋገጠ፣ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል ይላል። እኔ ኤቭሮስ ተመድቤያለሁ።

አልደብቅህም፤ ለጥቂት ጊዜ ጠላሁህ። በሕይወት ስላለህ ጠላሁህ። ኤቭሮስ የአገሩ ሌላ ጫፍ ነው፤ መርከብ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ጭቃ። ወረቀቱን ልጨማድደው ስል እማዬን አየኋት። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ድገመው አለችኝ። ከላይ ጀመርኩ። «አይደለም፤ ከቆንስላው ጀምር» አለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። በሦስተኛው የሕፃኗ ስም ጋ ከመድረሴ ቀድማኝ እሷ አለችው፤ የራሷን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው አድርጋ፣ ቀስ ብላ።

በማግስቱ አጥሩ ጋ ወጥታ ለእትዬ ቴሜሊና ስትነግራት ሰማሁ። እትዬ ቴሜሊና «ሴትዮ አብደሻል? ልጅሽን ጭቃ ውስጥ ሊከቱት ነው እኮ» አለቻት። እማዬም «አንዱን ከለከሉኝ፣ ሁለት ሰጡኝ» ብላ ገባች። የዚያን ቀን ስትዘፍን ዋለች። ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ድምፅ አላት።

አድራሻህን ከየት አመጣው ትል ይሆናል። ከውሳኔው ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት በእርሳስ ተጽፋ ነበር፤ ሻምበል ባሻ ፓንዴሊስ ናቸው። አድራሻህን ጽፈውልኛል። ከሥሩ ደግሞ ቋሚ ነዋሪነትህ እዚያ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከቆንስላው ካወጣህ እናትህን ለመጠየቅ መጥተህ መመለስ እንደምትችል፣ ማንም እንደማይነካህ ገልጸዋል። እኔ የቀረኸው እንዳትታሰር ፈርተህ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ፈርተህ ካልነበረም አልጠይቅህም።

የምሄደው በኅዳር አራት ነው። እትዬ ቴሜሊና እቤት እያደረች ታግዛታለች፤ ጋሽ ስኬቮስ ዓሣ አያስቀርባትም። የሚያሳስበኝ ንባቡ ነው። እትዬ ቴሜሊና ስታነብ የዓሣ እሾህ እንደሚለቅም ሰው ናት፤ ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ አድርገህ፣ አጭር አጭር አድርገህ ጻፍ። ትንሿ ጥርስ አውጥታ እንደሆነ ጻፍ። ማንን እንደምትመስል ጻፍ። የምትጽፈው ብታጣ የአየሩን ነገር ጻፍ። ውሻም ባይኖርህ አንድ ፈልግ። መምጣቱን ደግሞ ለፋሲካ አትበለው፤ የልደት በዓል ቅርብ ነው።

እማዬ አሁን አጠገቤ ናት። የራስሽን ቃል ጨምሪ ስላት «አልተቀየምኩም በለው» አለች። ጽፌ ስጨርስ እጄን ያዘችኝ። «አይ፣ ሰርዘው። ተቀይማለች በለው። ካልተቀየምኩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ሰርዤዋለሁ። ተቀይማለች።

መርከበኛን ሁሉ የሚጠብቅ ቅዱስ ኒኮላ አንተንም፣ የልጅህን እናትም፣ ትንሿንም በክንፉ ያኑርልን። እመቤታችን መንገድህን ታቅናልህ፣ ታሳጥርልህም።

አሁን በራስህ እጅ የተጻፈ ደብዳቤህን የሚጠብቅ
ታናሽ ወንድምህ